ከጦሳ በላይ ያለው ሰማይ በማን እጅ ተሣለ?

ደሴ በሰማይ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። የምሥረታ ታሪኳ እንደሚለው፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 ወሎ ውስጥ በዘመቻ ላይ ሳሉ ጅራታም ኮከብ ታያቸው። ነገሩን እንደ ተአምር ቆጠሩትና የሰፈሩበትን ቦታ ደሴ ብለው ከተማ አደረጉት። ከጦሳ ተራራ ሥር የተኮለኮለችው ሠፈር ውላ አድራ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ሆነች፤ አይጠየፍ የተባለው አዳራሽም ታነጸባት።

ይህን ታሪክ ስንተርክ አንድ ነገር እንዘላለን። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጉባኤ ጠርተው ነበር። የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ የታዘዘው፣ ኢማም መሐመድ ዐሊም ራስ ሚካኤል የተባሉት በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲህ ያንን ኮከብ ከንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆሞ ያየው ሰውና ሃይማኖቱን ይዞ በሌሊት ሲሸሽ ያየው ሰው አንድ ሰማይ አይተዋል ለማለት ይቸግራል። ብርሃኑ ለሁለቱም ደርሷል። ስም አውጥቶ በታሪክ ያስቀረው ግን ከሁለቱ አንዱ ነው።

ደሴ በተቆረቆረችበት ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1875 ዓ.ም. ላይ፣ ታላቁ ጅራታም ኮከብ በጠራራ ፀሐይ፣ ከፀሐይቱ አጠገብ ሳይቀር በዓይን ይታይ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ጊል የአካባቢውን ፎቶ አንሺ አስጠርቶ፣ ካሜራውን ከቴሌስኮፕ ጋር አሥሮ ኮከቡን ፎቶ አነሣው። ፎቶው ሲታጠብ ጊልን ያስደነቀው ጅራቱ አልነበረም፤ ከጅራቱ በስተኋላ ወጥተው የታዩት የከዋክብት ብዛት እንጂ። ዛሬ የኛ ልጆች «ባክግራውንድ» የሚሉት ማለት ነው። ጊል ከዚህ ተነሥቶ፣ ከሆላንዳዊው ያኮቡስ ካፕታይን ጋር በመሆን፣ የደቡቡን ሰማይ 454,875 ከዋክብት ከፎቶ ላይ ለክቶ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ ሰማይን በሞላ በፎቶ የመመዝገብ ዓለም አቀፍ ሥራ ፓሪስ ላይ ተወጠነ።

መስመሩ ከዚያ ወዲህ አልተበጠሰም። ሂፓርኮስ የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት የ118,218 ከዋክብትን ቦታ በጥንቃቄ ለካ፤ እሱን የተካው ጋያ ወደ 1.8 ቢሊዮን አደረሰው። በጌም፣ በፊልም፣ በስልክ መተግበሪያ ላይ ከመንኮራኩሩ ጀርባ የሚዘረጋው በኮከብ የተነቆጠ ጨለማ፣ በልክ የተሠራ ከሆነ፣ የእነዚህ መዝገቦች ልጅ ነው። ደሴ በተቆረቆረችበት ዓመት ከአህጉራችን ጫፍ የተነሣ አንድ ፎቶ የዚህ ሁሉ ዘር መሆኑን የደሴ ልጅ ቢያውቀው ይጠቅመዋል እላለሁ።

ሰማይን መሣል ግን ከውጭ የመጣብን ሙያ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. 1280/81 የሚል ዘመን የሚወጣለት ጽሑፍ ሰፍሮበት፣ ሥዕሎቹን እንደያዘ ለእኛ ደርሷል። በየገዳሙ የተገለበጠው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ይናገራል። ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት በሮች በምሥራቅ፣ የምትገባባቸው ስድስት በሮች በምዕራብ አሉ፤ ዓመቱ 364 ቀን ነው። መጽሐፉ ሙሉውን ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ ነው። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰላ ሊቅ የጨረቃን የ19 ዓመት ዑደት በጣቱ ይቆጥር ነበር። ሠዓሊው በስቅለት ሥዕል ግራና ቀኝ ፀሐይና ጨረቃን ፊት ሰጥቶ ይሥላቸዋል፤ አንዷ ስትጠቁር፣ ሌላዋ ደም ስትለብስ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ደግሞ ጣሪያው ራሱ ዓይን አውጥቶ ሲመለከተው ያገኛል።

በወሎ ይህ ታሪክ አንድ ወገን ብቻ ያለው አይደለም። የጌታ፣ የዳናና የጀማ ንጉሥ ዑለሞች በዐረብኛና በዐጀሚ የጻፏቸው ኪታቦች በዚሁ በወሎ ምድር የተወለዱ ናቸው። የረመዳን ጨረቃ ታየች አልታየች የሚለው ጉዳይ እስከ ዛሬ አገርን በአንድ ምሽት ወደ ምዕራብ አድማስ የሚያስመለክት ነው። አንዱ በስሌት አስቀድሞ ያውቃል፣ ሌላው በዓይኑ ካላየ አያምንም። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር የቆየ ነው፤ በኮምፒዩተር ሰማይ ሠሪዎች ዘንድም፣ እንደምናየው፣ አልሞተም።

ስለ እነዚህ መጻሕፍት ገልባጮች ትንሽ ልቆይ። የጥንት ጸሐፊ አዲስ መጽሐፍ አይፈጥርም፤ ከፊቱ ካለው ይገለብጣል። ሲገለብጥ ግን ሐረጉን እንደ እጁ ያስጌጣል፣ የመላእክቱን ልብስ በዘመኑ ቀለም ያድሳል፣ ክንፍ ይጨምራል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ ያሰፍራል፤ የሰረቀውንና የፋቀውን ይገዝታል። ዛሬ የፕላኔት ቴክስቸር፣ ማለትም በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፕላኔት የሚለብሰውን ምስል፣ የሚቀይር ወጣት የሚሠራው ሥራ ከዚህ በብዙ አይለይም። የቆየ ምስል ያወርዳል፣ ቀለሙን ያርማል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ በአዲስ ስም ያስቀምጣል። የወረስነው ሙያ ነው ማለት ይቻላል፤ ያልወረስነው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ምስሉ ከየት እንደመጣ የሚናገረውን አባሪ ፋይል ማንም አይከፍተውም፣ ብዙ ጊዜም አብሮ አይጓዝም።

ከብራናው ወደ ጠፈሩ የተሻገረ ሠዓሊ ቢፈለግ እስክንድር ቦጎሲያን አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የሣለው፣ ዛሬ በኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው የሌሊት በረራ ሥዕሉ፣ ጥልቅ ጨለማ ውስጥ ክንፋሞችና ብርሃናት የሚርመሰመሱበት ነው። ያኔ ሰው ገና ጨረቃን አልረገጠም። እስክንድር ባክግራውንዱን ባዶ አልተወውም፤ ያገራችን ሠዓሊ ባዶ ቦታ አይወድም መቼስ።

ወደ ምድር ገጽ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ወሎ የምትገባውም እዚህ ላይ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም. የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ወደ ጨረቃ ሲያመሩ ዞር ብለው ምድርን ፎቶ አነሧት። ሰማያዊቷ እብነ በረድ የሚሏት፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተባዙት ፎቶዎች አንዷ ናት። ምድርን ሙሉ ክብ አድርጋ ያሳየች ናት። አፍሪካ መሐል ላይ ተዘርግታለች፤ ወደ ላይ ጠጋ ሲባል ቀንዱም ይታያል። በዚያች ቀን የወሎ ገበሬ የ1964ቱ ክረምት ከድቶት ጎተራው መራቆት ጀምሯል። ፎቶው ላይ ረሃብ አይታይም። ከዚያ ርቀት ሁሉም ያምራል።

ረሃቡን ዓለም ያየው ወደ አንድ ዓመት ሊጠጋ ሲል፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ካሜራውን ይዞ ወሎ መሬት ላይ ሲቆም ነው። ፊልሙ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደግሞ ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስና ምቾት ጋር እያፈራረቀ፣ ቆርጦ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ባክግራውንድ መቀየር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር በታሪካችን የለም። የተራበው ሰው እውነተኛ ነበር፣ ድግሱም እውነተኛ ነበር፤ አዲሱ ነገር ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆመው መቀስ ነው። በዚያው እ.ኤ.አ. 1974 ኤድ ካትመል የተባለ ተማሪ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ፤ ጠፍጣፋ ምስልን በኮምፒዩተር ውስጥ ባለ ጎባጣ ቅርጽ ላይ የማልበስ ዘዴ ከዚያ ይጀምራል። በአራተኛው ዓመት ጂም ብሊን ብርሃንና ጥላን አታልሎ ለስላሳውን ኳስ ሻካራ የሚያስመስል ዘዴ ጨመረ፤ ቀጥሎም ቮዬጀር የተባለውን መንኮራኩር ጉዞ በኮምፒዩተር ሥዕል ለሕዝብ አሳየ፤ ጨረቃዎቹን በከፊል በእጁ እየሣለ።

ወሎ በ1977 ዓ.ም. ዳግም ስትራብ የምድር ገጽ ምስል ሌላ ሥራ ያዘ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1985 ባቋቋሙት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ በሳተላይት የሚታየው የቅጠል አረንጓዴነት በየጊዜው እየተለካ ካምናው ጋር ይነጻጸር ጀመር። የፕላኔቷ ቀለም ለውበት መሆኑ ቀርቶ ለነፍስ ሆነ። ዛሬ ቴክስቸር የሚሠራ ሰው የምድርን ቡናማና አረንጓዴ ሲነካካ የሚነካካው ይህንን ቀለም ነው፤ ካልነገሩት ግን በምን ያውቃል?

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። በየከተማችን ፎቶ ቤት ጀርባ ላይ ፏፏቴና አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃ የሚሰቀልበት ዘመን ነበር። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ዛሬ መጋረጃው አረንጓዴ ጨርቅ ሆኗል፤ የቀረውን ኤዲተሩ ይሞላዋል። መንዙማ ሲወጣ፣ መዝሙር ሲወጣ፣ ከድምፁ ጀርባ የሚሽከረከር ፕላኔት፣ ሐምራዊ ጭጋግ፣ የሚወርድ ኮከብ አይጠፋም። ምንጩ ሲታይ ብዙ ጊዜ የሃብል ቴሌስኮፕ ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተነሣውና የፍጥረት ዓምዶች የሚባለው ዝነኛ ምስል ላይ ያለው ቀለም ሰው ቢሄድ በዓይኑ የሚያየው አይደለም። ሰልፈር ቀይ፣ ሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ኦክስጅን ሰማያዊ ይሁን ተብሎ ለመለየት የተሰጠ ነው። ይህን ነውር አልለውም፤ የስቅለቱ ሠዓሊም ፀሐይ ፊት እንደሌላት ያውቅ ነበር። ልዩነቱ የሥዕሉን ሥርዓት ሕዝቡም ያውቀው ስለነበር ማንም አለመታለሉ ነው።

እጅ ላይ ሲመጣ ሥራው እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ፕላኔት ማለት ባዶ ኳስ ነው። የሚለብሰው ምስል ወርዱ የቁመቱ እጥፍ የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ለምሳሌ 8192 በ4096 ፒክስል። አራት ማዕዘኑን ኳስ ላይ ማልበስ እንስራን በጋቢ እንደመጠቅለል ነው፤ ሆዱ ላይ ይስማማል፣ አፉና ቂጡ ላይ ይጨማደዳል። ስለዚህ የዋልታዎቹ አካባቢ ተለጥጦ ካልተሣለ ሲጠቀለል ይበላሻል፤ የግራና የቀኝ ጠርዝም ካልገጠመ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል። የሰማዩ ባክግራውንድ ደግሞ ከውስጥ የሚታይ ኳስ ነው። ከውጭ እንደሚታይ ሉል አድርጎ የሣለው ሰው ከዋክብቱን በመስታወት እንዳዩት ይገለብጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተው የኒውዮርክ ታላቁ ባቡር ጣቢያ ጣሪያ ላይ የተሣለው ሰማይ እንዲሁ ተገልብጦ ቀርቷል፤ መንገደኛው በሥሩ እያለፈ መቶ ዓመት ሞላው።

በዚያ 8192 ፒክስል ባለው ምድር ላይ አንዱ ነጥብ በምድር ወገብ አጠገብ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የሐይቅ ሐይቅ ከነገዳሙ አንድ ነጥብ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በቀጥታ ቢሰመር ሦስት ነጥብ አይሞላም። ሐረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ መሐል ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ከብርድ ወደ ሙቀት መግባት እንዳለ ያውቃል። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የምድር ምስል አንዱን ነጥብ ወደ 500 ሜትር አውርዶታል፤ ሐይቁም ዘጠና ያህል ነጥብ አገኘ። የዚህ ምስል ትልቁ ጸጋ ደግሞ በወር በወር መሆኑ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2004 አሥራ ሁለት ወራት ለየብቻ አሉ። በየካቲት ወሎ ጤፍ ያጨዱበት ማሳ ይመስላል፤ በመስከረም ያለመልማል። ሶፍትዌሩ አንዱን ወር መርጦ ዓመቱን ሙሉ ያለብሰናል። በልግና መኸር ብሎ ዓመቱን ለሁለት የሚከፍል አገር ይህን ዝም ብሎ መቀበል ያለበት አይመስለኝም፤ ወሩን መቀየር አንድ ፋይል በሌላ መተካት ብቻ ነውና።

አድማሱም እንዲሁ ነው። ስቴላሪየም የተባለው ነጻ የከዋክብት ሶፍትዌር ሲከፈት በነባሪው አድማስ ላይ የሚታየው ጌሬን የተባለች የፈረንሳይ ገጠር ዛፍና ሜዳ ነው። የደሴን ቦታ፣ ሰሜን 11 ዲግሪና ምሥራቅ 39.6 ዲግሪን፣ ብናስገባ ሰማዩ ይታረማል፤ የሰሜን ኮከብ ዝቅ ይላል፣ የደቡብ መስቀል ይወጣል። ዛፎቹ ግን የፈረንሳይ እንደሆኑ ይቀራሉ። ከአዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ዙሪያውን በስልክ የተነሣ ፎቶ ተገጣጥሞ፣ ሰማዩ ተፍቆ፣ ከአጭር የማዋቀሪያ ጽሑፍ ጋር ቢቀመጥ ሶፍትዌሩ ይቀበለዋል። ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምፒዩተር የሚማሩ ልጆች የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

የአንድ ቀን ምስል ለዘላለም ሲለበስ ምን እንደሚደብቅ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አይተናል። የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ መብራትና ስልክ ጠፋ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ የደሴ ሙዚየምም አልተረፈም። በኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለችው ምድር ግን በጨለማው ገጿ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተሠራውን የሌሊት መብራት ምስል እንደለበሰች ነበር፤ ደሴም እዚያ ላይ ታበራለች። የቦሩ ሜዳው ዘመን ሰው ሰማይ ያየው እንዲህ ነበር፤ የ1965ቱም ገበሬ ከሰማያዊቷ ፎቶ ሥር ሆኖ እንዲሁ። የሚለየው፣ ያኔ ብሩሹ በእጃችን አልነበረም።

አሁን በመጠኑም ቢሆን አለ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ያወጧቸውን የከዋክብትና የፕላኔቶች ስም ሲያስታውቅ፣ ኢትዮጵያ ኤችዲ 16175 የተባለውን ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት አቦል ብላ ሰይማለች። በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10፣ ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና መጠቀች፤ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ ከእንጦጦ ትታዘዝ የነበረች፣ ምድርን ለማየት የተሠራች። በዚያው ዓመት ሰኔ 14 ቀለበታማው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ አለፈ።

ቡና ያለችው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። ግሪኮች አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ብለው ተርከው ነበር፤ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ለዘመናት ነጭ አድርገው ሣሏት። ዛሬ በልብሷ እጥፋት መካከል፣ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ላይ፣ በእኛ ቋንቋ የሚጠራ ኮከብ አለ።

የአቦልን ፊት ያየ ሰው የለም። ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ የሚከብድ ግዙፍ መሆኑ፣ ቡናን ለመዞር ወደ አንድ ሺህ ቀን እንደሚፈጅበት ኮከቡ ሲወዛወዝ ተለክቷል፤ የቀረው ባዶ ነው። ፕሉቶም እ.ኤ.አ. እስከ 2015 በአብዛኛው እንዲሁ ነበር፤ ሣዮች በግምት ያለበሱት ልብስ ኒው ሆራይዘንስ የተባለው መንኮራኩር ደርሶ ፎቶ ሲልክ በአንድ ሳምንት ተጣለ። አቦልንም በግምት ያለበሱ ይኖራሉ፤ በጁፒተር ምስል ላይ ቀለም ለውጦ ማለፍ ከሁሉ የቀለለ ነው። የወሎ ልጅ ቢሞክረው ከሌላው በምንም አያንስም። የደመናው ቀለም፣ የቀበቶዎቹ ብዛት፣ የዋልታዎቹ መልክ፣ ጨረቃ ይኑረው አይኑረው ሁሉ ለሣዩ የተተወ ነው። ኮከቡ ግን ከፀሐያችን ጥቂት የሚሞቅ ስለሆነ፣ ብርሃኑ ነጣ ይበል።